ከግንቡ ውጭ ያረፉ ነገሥታት

ፋሲል ግቢን የሚጎበኝ ሰው የአፄ ፋሲልን ግንብ፣ የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱን ግንብ፣ የአፄ በካፋንና የእቴጌ ምንትዋብን አዳራሾች አንድ በአንድ አይቶ ይወጣል። ያን ሁሉ ያሠሩት ነገሥታት ግን የት እንዳረፉ ግቢው ውስጥ የሚነግረው ሐውልት አያገኝም። መቃብራቸውን የፈለገ ከግቢው ወጥቶ ወደ ጣና ደሴቶች፣ ወደ ጠዳና ወደ ቁስቋም መሄድ አለበት።

አፄ ፋሲል የነገሡት በ1624 ዓ.ም. ነው። ሕንድ ውስጥ ሻህ ጀሃን ለሟች ሚስቱ ለሙምታዝ ማሃል ታጅ ማሃልን ማሠራት የጀመረውም በዚያው ዘመን ነበር። ሁለቱም ግንበኛ ነገሥታት ናቸው። ሻህ ጀሃን ዓለም እስከ ዛሬ የሚያደንቀውን ሕንፃ ለመቃብር አዋለው። አፄ ፋሲል ግንብ፣ ድልድይና አብያተ ክርስቲያናት አሠርተው፣ ለራሳቸው ማረፊያ ግን ዳጋ እስጢፋኖስን መረጡ። በ1660 ዓ.ም. ሲያርፉም አስከሬናቸው ወደዚያች ደሴት ተወሰደ።

ዳጋ ሴቶች የማይገቡባት ገዳም ናት። በዕቃ ቤቷ ውስጥ፣ በመስታወት በተሸፈኑ ሣጥኖች፣ ከፋሲል ጋር የይኵኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብና የዘድንግል አጽም ይገኛል። ከእነዚህ ከፊሎቹ መጀመሪያ የተቀበሩት ሌላ ቦታ ነበር፤ ወደ ዳጋ የመጡት አጽማቸው ፈልሶ ነው። ፍልሰተ አጽም በእኛ ዘንድ የታወቀ ሥርዓት ነው። አጽም በጸሎትና በክብር ተነሥቶ፣ ይሻላል ወደተባለው ቅዱስ ቦታ ይሸኛል። ይህን ልብ ይሏል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ደሴት ለምን ተመረጠ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በጦርነት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ሳይቀር የሚሸሸው ወደ ጣና ነበር። ለእኔ የሚበልጠው ምክንያት ግን ጸሎቱ ነው። ንጉሥ ለደብር ወይም ለገዳም ጉልት ይሰጣል፤ የጉልቱ ግብር የአገልጋዮቹ መተዳደሪያ ይሆናል፤ እነሱም በቅዳሴ ስሙን ያነሣሉ፣ በዕረፍቱ ቀን ተዝካሩን ያወጣሉ። ከፍትሐት አንሥቶ እስከ አርባው፣ ከሙት ዓመት አንሥቶ እስከ የዓመቱ መታሰቢያ ያለው ሁሉ አገልጋይ ይፈልጋል፤ አገልጋይ ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። የነገሥታቱን መቃብር ለዘመናት ያቆየው ይህ ሥርዓት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን የአብያተ ክርስቲያናቱ ጉልት አብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መቃብሮቹን የሚጠብቁት መነኮሳትና ካህናት ምእመናን በሚሰጡት ነው የሚኖሩት። ስለ ቅርስ እንክብካቤ ሲወራ ይህ ነገር እምብዛም አይነሣም፤ መነሣት ግን አለበት።

የፋሲል ልጅ ጻድቁ ዮሐንስ ከከተማዋ በስተደቡብ ባለችው ጠዳ ተቀበሩ። የእሳቸው ልጅ ታላቁ ኢያሱ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተከሉት፣ በ1699 ዓ.ም. ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ከነገሠ በኋላ ጣና ላይ በአንዲት ደሴት ተገደሉ፤ ያረፉትም እዚያው ሐይቅ ላይ፣ ምጽራሃ ነው።

ከከተማዋ ሳይርቅ የሚታይ የነገሥታት አጽም የሚገኘው ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው በስተምዕራብ፣ በተራራው ግርጌ፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ግንባቸውንም ጎን ለጎን አሠሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ የእቴጌዪቱን ቤተሰብ ከፈንጣጣ ያከመው እዚሁ ነበር። ዛሬ ግንቡ ፈርሶ ግድግዳው ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያኑም በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች አቃጥለውት እንደገና የተሠራ ነው። የእቴጌዪቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም ግን አለ። አንድ ሰው እንኳ ተዘርግቶ የማይተኛባት አንዲት ትንሽ ባለመስታወት ሣጥን ሦስቱንም ይዛለች።

ሣጥኗ ፊት የቆመ ሰው ታሪካቸውን ቢያውቅ ቶሎ አይንቀሳቀስም። ምንትዋብ ልጃቸው በሕፃንነቱ ሲነግሥ አብረው ዘውድ ጭነው አገር አስተዳደሩ። ያን ልጅ በ1747 ዓ.ም. ቀበሩት። ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ታንቆ ተገደለ። አያቲቱ ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም አልፈው እስከ 1765 ዓ.ም. ኖሩ። ጎንደር የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ፋሲል ግቢን አይቶ፣ ጥምቀተ ባሕሩን ዞሮ ይመለሳል። ጊዜ ካጠረው ከግቢው ግንቦች አንዱን ይተውና ቁስቋም ይውጣ እላለሁ። ኅዳር 6 ቀን፣ በበዓሉ ዕለት፣ ቢሆን ደግሞ ደብሩን ከነሙሉ ማኅሌቱ ያገኘዋል።

ከጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ በዓምድና በቅስት የቆመ፣ ጉልላት ያለው ትንሽ ክብ ግንብ አለ። የአገሩ ሰው የዞብል መቃብር ነው ይላል፤ ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነበር። ፈረሱን ከጦርነትና ከድል ጋር የሚያነሣሣው አፈ ታሪክ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ ከተማዋ ለአንድ እንስሳ ውለታ ይህን ያህል ስፍራ መስጠቷን ግን እወድላታለሁ።

ከጎንደር ዘመን በኋላ የመጡት ነገሥታት መቃብር ታሪኩ ይከብዳል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠውተው እዚያው መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ፤ በኋላ አጽማቸው ወደ ትውልድ አገራቸው፣ ወደ ቋራ፣ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ፈለሰ። እንግሊዞች ከአስከሬናቸው ቆርጠው የወሰዱት ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ሲመለስም ከዚሁ መቃብር እንዲያርፍ ታስቦ ነበር። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

የቴዎድሮስ ሚስት እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የስሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ ከመቅደላ ሲመለሱ በመንገድ አርፈው ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በ1872 ዓ.ም.፣ በ18 ዓመቱ፣ እንግሊዝ አገር አርፎ ዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ከኢትዮጵያ በኩል አጽሙ ይመለስ ተብሎ በተደጋጋሚ ተጠይቋል። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ በአቅራቢያው ያሉ የሌሎች ሰዎችን አጽም ሳይነካኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነው።

ጥያቄው ዛሬ ለፖለቲካ የተፈጠረ የሚመስለው ካለ የዳጋን ሣጥኖች ያስታውስ። ይኵኖ አምላክና ዘርዐ ያዕቆብ ፈልሰዋል፤ የልዑሉ አባትም ፈልሰዋል። አውሮፓም ይህን ታውቃለች። ናፖሊዮን በእንግሊዞች እጅ በቅድስት ሄለና ደሴት ሞቶ በተቀበረ በ19ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1840፣ እንግሊዝ ፈቅዳ አጽሙ ፓሪስ ገብቷል። የዓለማየሁም ቦታ ቋራ፣ ከአባቱ ዘንድ፣ ወይም ጨለቆት፣ ከእናቱ ዘንድ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ይሁን የሚለውን ደግሞ እዚሁ አገር ቤት ተነጋግረን እንወስነዋለን።