ተጨማሪ መረጃ፦ አሮጌ ሻንሲ፣ አዲስ ሞተር

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ወጣቶች የትራያምፍን ሞተር በኖርተን ሻንሲ ላይ እየገጠሙ «ትራይተን» የተባለ ሞተርሳይክል ይሠሩ ነበር። ትራያምፍ በጉልበቱ፣ ኖርተን ደግሞ መታጠፊያ ላይ በሚያሳየው እርጋታ ይወደዱ ስለነበር ሁለቱን አጋቧቸው።

እንዲህ ያለው ሥራ በአገራችን፣ ለምሳሌ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ላይ ቢሞከር፣ የባለሙያውን ችሎታ የሚፈትነው ከብየዳው ይልቅ ልኬቱ ነው። የሞተሩና የኋላ ጎማው ጥርሶች በአንድ መስመር ካልዋሉ ካቴናው ቶሎ ይበላል፤ ሲብስም እየሄዱ ይወልቃል። የአሮጌው ሞተርሳይክል መብራት ባለ6 ቮልት ከሆነ፣ 12 ቮልት የሚያመነጭ ሞተር አምፖሉን ወዲያው ያቃጥለዋል።

ከፍታውም ሊዘነጋ አይገባም። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ በጥላሸት ጠቁሮ ይገኛል። መፍትሔው ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ጠበብ ባለ መለወጥ ነው።

ሊብሬ ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር ስለሚሰፍር፣ ሞተር የለወጠ ሰው አዲሱን ቁጥር ማስመዝገብ አለበት።