ሩጫው ይለካ፣ ጨዋታው ይፍረድ

ልደታ ውስጥ ታዳጊ ለምትመርጡ አሰልጣኞች፦

የ30 ሜትር ሩጫና ዝላይ በአብዛኛው የሚያሳዩን ማን ቀድሞ እንዳደገ ነው። ወንዶች ልጆች በፍጥነት የሚረዝሙት ከ13 እስከ 14 ዓመት አካባቢ ስለሆነ፣ እኩዮች በአካል ብስለት በዓመታት ሊራራቁ ይችላሉ። የረጅም ሩጫ ውጤትንም በቆላ አገር መለኪያ አትመዝኑ፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ይሳሳል።

በጠባብ ሜዳ 4 ለ 4 አጫውቱና መዝግቡ፦
✅ ኳስ ሳይደርሰው ዞር ብሎ ያያል?
✅ የመጀመሪያ ንክኪው ወዴት ይወስደዋል?
✅ ኳስ ሲነጠቅ ምን ያደርጋል?

ቀጥሎ በቁመትና በክብደት አቧድናችሁ ደግማችሁ እዩ።

በ2010 እ.ኤ.አ. የባሎንዶር ሦስቱ የመጨረሻ እጩዎች ሜሲ፣ ኢኒዬስታና ዣቪ ነበሩ፤ አንዳቸውም ረጅም አልነበሩም። የአካል ፈተና ሥልጠና ለማቀድ ይጠቅማል፤ ልጅ ለመጣል ግን አይበቃም!