አንድ ዓመት፣ ሁለት ሻምፒዮን፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል እንቆቅልሽ ተፈታልኝ

ጉዱን ስሙልኝማ! በ2004 መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ) አሜሪካ ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በሦስት ቀን ልዩነት «የአገሪቱ ሻምፒዮን እኛ ነን» ብለው ጨፈሩ። ጃንዋሪ 1 የሎስ አንጀለሱ ዩኤስሲ ሚሺጋንን 28 ለ 14 አሸነፈ። ጃንዋሪ 4 ደግሞ ኤልኤስዩ የሚባለው የሉዊዚያና ቡድን ኦክላሆማን 21 ለ 14 ረታ። ማንም አላጭበረበረም። ሁለቱም ዋንጫቸውን ወሰዱ፤ የ2003 ውድድር ዘመን ሲነሳ ዛሬም የሁለቱም ስም ይጠራል። እርስ በርስ ግን አልተጫወቱም!

ዋንጫ የሚያነሳው አንድ ነው ብለን ላደግን ሰዎች ይሄ ነገር ራስ ያዞራል። እኔንም ሲያዞረኝ ከርሞ ሰሞኑን በራልኝ፤ በራልኝ ብዬም ዝም ማለት አልቻልኩም። የማወራው በእጅ ስለሚያዘው ሞላላ ኳስ፣ ስለ አሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፤ እሱም ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚጫወቱት። ስለ ጨዋታው ምንም ባታውቁም ግድ የለም፤ ከዜሮ እንጀምራለን።

መነሻው ሂሳብ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 20 ቡድኖች አሉት። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይገናኛል፣ 38 ጨዋታ ይሆናል፣ በመጨረሻ ሰንጠረዡን አይቶ አንደኛውን መጥራት ነው። በኮሌጅ ፉትቦል ላይኛው እርከን ላይ ብቻ ከ130 በላይ ቡድኖች አሉ። እያንዳንዳቸው በመደበኛው ወቅት የሚጫወቱት ግን 12 ጨዋታ ነው። በቃ፣ 12! ለምን ብትሉ፣ ጨዋታው ግጭት ነው። መቶ ኪሎ፣ መቶ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝኑ ጎረምሶች በሙሉ ፍጥነት እየሮጡ ይላተማሉ። ሰውነት እስኪያገግም ሳምንት ይፈልጋል፤ በመሃል ረቡዕ ሌላ ጨዋታ ብሎ ነገር የለም። በዚያ ላይ ቡድኖቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበሮች ተከፋፍለዋል፤ አብዛኛውን ጨዋታቸውንም የሚያደርጉት እዚያው እርስ በርሳቸው ነው።

አሁን ዲሴምበር ደረሰ እንበል። አንዱ በምዕራብ፣ አንዱ በደቡብ፣ አንዱ በሰሜን ያሉ ሦስት ቡድኖች ሁሉንም ጨዋታ አሸንፈዋል። ተገናኝተው አያውቁም። የጋራ ተጋጣሚ እንኳ ላይኖራቸው ይችላል። ማን ይበልጣል? በምን ይታወቃል? ነጥብ ቢደመር፣ ጎል ቢቆጠር አያወጣም! እኔ መጀመሪያ «አሃ!» ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ይሄ ሻምፒዮን ተቆጥሮ አይገኝም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መምረጥ አለበት።

የመረጡትም በድምፅ ነው። ከ1936 ጀምሮ አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ጋዜጠኞችን ድምፅ እያሰጠ ቡድኖቹን በደረጃ ያስቀምጣል። በ1950 አሰልጣኞችም በሌላ የዜና ወኪል በኩል የራሳቸውን ምርጫ ጀመሩ። ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ አንድ ሻምፒዮን ይኖራል፤ ሳይስማሙ ሁለት። በ1990፣ በ1991፣ እንደገናም በ1997 ሁለት ሆነ።

«ታዲያ አንደኛውንና ሁለተኛውን አገናኝቶ ማጫወት ምን ያቅታል?» አትሉም? እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። መልሱ ያለው ቦውል በሚባሉት፣ መደበኛው ወቅት ሲያልቅ በገናና በአዲስ ዓመት ሰሞን በሚደረጉት ጨዋታዎች ታሪክ ውስጥ ነው። ታሪኩ ደግሞ እንዴት ደስ እንደሚል!

ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሳዴና የምትባል ከተማ አለች። የሌላው አገር ሰው በበረዶ ሲንቀጠቀጥ እሷ ጋ አበባ ያብባል። ይህንንም ለማሳየት በየአዲስ ዓመቱ ሠረገላዎቿን በጽጌረዳ አስጊጣ ሰልፍ ታወጣ ነበር። በ1902 አዘጋጆቹ ለበዓሉ ማድመቂያ የፉትቦል ጨዋታ ጨመሩ። ሚሺጋን ከሩቅ መጥቶ ስታንፎርድን 49 ለ 0 አደባየው፤ ስታንፎርዶች ሰዓቱ ሳያልቅ በቃን ብለው ወጡ። አዘጋጆቹ በውጤቱ ደንግጠው ፉትቦሉን ተዉትና በሌላ ትርኢት ተኩት። በምን መሰላችሁ? እንደ ጥንት ሮማውያን በፈረስ ሠረገላ እሽቅድምድም! ፉትቦል የተመለሰው በ1916 ነው። ዛሬ ሮዝ ቦውል የሚባለው ይሄ ነው። ሌሎች ክረምታቸው የማይበርድ ከተሞችም ተከተሉ፤ ማያሚ ኦሬንጅ ቦውልን፣ ኒው ኦርሊንስ ሹገር ቦውልን በ1935፣ ዳላስ ኮተን ቦውልን በ1937 ጀመሩ። ሁሉም የሚፈልጉት እንግዳ ነበር፤ ሆቴል የሚይዝ፣ ምግብ ቤት የሚገባ፣ ባቡር ሙሉ እንግዳ።

እንግዲህ ቦውልን እንደ ድግስ አስቡት። ደጋሽ የጥሪ ወረቀት ሲበትን «ከእንግዶቼ ጉልበተኛው ማን ይሆን?» ብሎ አይደለም። ብዙ ሰው አስከትሎ የሚመጣውን፣ ቤቱን የሚያደምቀውን፣ የቆየ ወዳጁን ይጠራል። የቦውል አዘጋጆችም እንዲሁ ነበሩ። ሮዝ ቦውልማ ከ1947 ጀምሮ ቋሚ ቃል ገብቶ፣ ከመካከለኛው ምዕራብ የቢግ ቴን ኮንፈረንስን፣ ከፓስፊክ ዳርቻ የዚያውን ኮንፈረንስ ቡድን ብቻ ይጋብዝ ነበር። በ1994 ወቅት ነብራስካና ፔን ስቴት ሁለቱም ሳይሸነፉ ጨረሱ። አገሩ ሁሉ ሲጋጠሙ ለማየት ቋምጧል። ግን አንዱ የተጠራው ማያሚ፣ ሌላው ፓሳዴና! ሁለቱም በየተጠሩበት አሸነፉ፤ ድምፁ ለነብራስካ ሄደ፣ ፔን ስቴት ሳይሸነፍ ሁለተኛ ሆኖ ቀረ።

ከዚህም የባሰ አለ። ለረጅም ዓመታት የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጠው ቦውሎቹ ከመደረጋቸው በፊት ነበር። በ1973 አሰልጣኞቹ አላባማን ሻምፒዮን አሉ፤ ከዚያ አላባማ ሹገር ቦውል ላይ በኖትር ዳም 24 ለ 23 ተሸነፈ። ሻምፒዮንነቱ ግን አልተነጠቀም! አሰልጣኞቹ ምርጫቸውን ከቦውል በኋላ ያደረጉት ከዚያ ወዲህ ነው። ነገሩ የሚገባው ድግሱን ስታስታውሱ ነው፤ ድግስ ላይ የሆነ ነገር ውጤት አይለውጥማ።

አሁን አንድ ምሽት ላይ ቆም እንበል፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወደው እሱን ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 1984፣ ኦሬንጅ ቦውል። ነብራስካ 12 ተጫውቶ 12ቱንም አሸንፎ አንደኛ ደረጃ ላይ ነው። ተጋጣሚው አምስተኛው ማያሚ ነው፤ ያውም በራሱ ሜዳ። ማያሚ 31 ለ 17 ሲመራ ቆይቶ ነብራስካ ተነሳ። ሊያልቅ 48 ሴኮንድ ሲቀረው ኳሱን ከመጨረሻው መስመር አሳልፎ 6 ነጥብ አገኘና 31 ለ 30 ሆነ። ሕጉ እዚህ ጋ ምርጫ ይሰጣል። ኳሱን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሃል ማሳለፍ አንድ ነጥብ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይሳትም። ወይም ደግሞ እንደገና ከአጭር ርቀት በሩጫ ወይም በቅብብል መስመሩን መሻገር፤ ሁለት ነጥብ፣ ግን ከባድ ነው።

በእግር ከመታ 31 ለ 31 ይሆናል። በዚያ ዘመን ተጨማሪ ሰዓት አልነበረም፣ ጨዋታው በአቻ ያልቃል። ያልተሸነፈ ቡድን ስለሚሆን መራጮቹ አንደኝነቱን እንደማይነፍጉት ሁሉም ያምናል። አሰልጣኙ ቶም ኦዝቦርን ግን በአቻ ዋንጫ መውሰድ አልፈለገም፤ ሁለቱን ሞከረ። አቀባዩ (ኳሱን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው) ተርነር ጊል ወደ ቀኝ ሮጦ ወረወረ፤ የማያሚው ተከላካይ ኬኒ ካልሁን ጣቱን ሰደድ አድርጎ ነካት፤ ኳሷ ወደቀች። አለቀ።

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ሁለተኛ የነበረው ቴክሳስ በዚያው ቀን ዳላስ ላይ በአንድ ነጥብ ተሸንፏል። ሦስተኛ የነበረው ኦበርን አሸነፈ። ታዲያ ወደ አንደኝነት የወጣው ማን ነው? ከአምስተኛ ተነስቶ ማያሚ! ኦበርን አሸንፎም እዚያው ሦስተኛ። ድምፅ ማለት ይሄ ነው፤ ልብን ያስደነገጠው ይበልጣል። ኦዝቦርንን ባሰብኩት ቁጥር አክብሮቴ ይጨምራል።

እንዲህ ያለው ሲደጋገም ሰዉ «ጥሎ ማለፍ ይደረግ!» ማለት ጀመረ። ክርክሩ የጦፈውም ያኔ ነው። በ1998 ቢሲኤስ የሚባል ዘዴ መጣ፤ የሰዎችን ድምፅና የኮምፒውተር ስሌትን ቀላቅሎ ሁለት ቡድን ብቻ መርጦ ለፍጻሜ ያገናኛል። ጥሩ ይመስላል አይደል? አሁን ወደ 2003 ተመለሱ። ኦክላሆማ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ በካንሳስ ስቴት 35 ለ 7 ተቀጥቅጦ ሳለ ስሌቱ አንደኛ አደረገው። ጋዜጠኞቹም አሰልጣኞቹም አንደኛ ያሉት ዩኤስሲ ደግሞ በስሌቱ ሦስተኛ ሆኖ ከፍጻሜው ወደቀ! አሰልጣኞቹ የፍጻሜውን አሸናፊ ሊመርጡ ተስማምተው ስለነበር ኤልኤስዩን አሉ፤ ጋዜጠኞቹ ነፃ ስለነበሩ ዩኤስሲን አሉ። ይኸው፣ ሁለቱ ሻምፒዮኖች የመጡት ከዚህ ነው!

በዓመቱ ኦበርን ሁሉንም አሸንፎ ከፍጻሜው ውጭ ቀረ። በ2011 ወቅት ደግሞ ለፍጻሜ የተገናኙት ኤልኤስዩና አላባማ ሆኑ፤ ኮንፈረንሳቸው አንድ፣ ከሁለት ወር በፊትም ተጫውተው ኤልኤስዩ 9 ለ 6 አሸንፎ ነበር። ፍጻሜውን አላባማ 21 ለ 0 ወሰደ። የሌላው አካባቢ ደጋፊ ተንጨረጨረ። በ2012 አራት ቡድን የሚሳተፍበት ጥሎ ማለፍ (ፕሌይኦፍ) ተወሰነ፣ በ2014 ተጀመረ።

የመጀመሪያውን ዓመት ማን ቢወስደው ጥሩ ነው? አራተኛው! ኦሃዮ ስቴት፣ ያውም ሁለት አቀባዮቹ ተጎድተውበት በሦስተኛው በካርዴል ጆንስ እየተጫወተ፣ አንደኛውን አላባማን 42 ለ 35፣ ከዚያ ኦሪገንን 42 ለ 20 አሸነፈ። ሁለት ብቻ በሚመረጡበት ዘመን ቢሆን ይሄ ቡድን ከፍጻሜው ደጅ አይደርስም ነበር። ስንት አራተኛ ቡድን በቀደሙት ዓመታት ቤቱ ተቀምጦ ቀርቷል? እኔን ይሄ ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ታዲያ ክርክሩ ቆመ? የለም! አራቱን ይመርጥ የነበረው ኮሚቴ ነዋ። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ፣ የኮንፈረንሱም ሻምፒዮን ሆነ። ዋና አቀባዩ ጆርዳን ትራቪስ ግን ኖቬምበር ላይ እግሩ ተሰብሯል። ኮሚቴው «ያለ እሱ ያው ቡድን አይደለም» ብሎ ተወው። ያሸነፈ ቡድን ወደፊት ሊሸነፍ ይችላል ተብሎ! ይሄ ፍርድ ዛሬም ያበሳጨኛል፤ ልጆቹ የተባሉትን ሁሉ አድርገዋል።

ሁለተኛው «አሃ!» የመጣልኝ ያኔ ነው። ቡድኖቹ ሁለትም ይሁኑ አራት፣ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ በታች የቀረ ቡድን ሁልጊዜ አለ። ያ የመጀመሪያ ሂሳብ፣ 130 ቡድንና 12 ጨዋታ፣ የትም አልሄደም።

በ2024 ቁጥሩ 12 ሆነ። አምስት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ቦታቸው የተጠበቀ ነው፤ ሰባቱን ኮሚቴው ይሞላል። ከሁሉም የወደድኩት የመጀመሪያው ዙር በየዩኒቨርሲቲዎቹ ሜዳ መሆኑን ነው፤ በዲሴምበር ብርድ፣ ተማሪው አፉ እየጨሰ በሚዘፍንበት። የቆዩት ትልልቅ ቦውሎች፣ ሮዝም ሹገርም፣ የሩብና የግማሽ ፍጻሜ መድረክ ሆኑ። ድግሱና ውድድሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው እዚህ ላይ ተዋሃዱ!

ጥሎ ማለፉን የሚቃወሙት ሰዎች ነገርም ግን እውነት አለው። ኦሃዮ ስቴት በዚያ ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ ላይ በዘላለም ባላንጣው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸነፈ፤ ሁለተኛ ሽንፈቱ ነበር። በድሮው ሕግ እዚያው ያከትምለታል። በአዲሱ ግን ስምንተኛ ሆኖ ገባ፣ አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፣ በፍጻሜውም ኖትር ዳምን 34 ለ 23 ረትቶ ዋንጫውን አነሳ። ድሮ እያንዳንዷ ቅዳሜ የሞት ሽረት ነበረች፤ አሁን አንድ ሁለቴ ብትሸነፍም መንገድ አለህ። ያ ጭንቀት መቀነሱ ያሳዝናል። ቢሆንም በሜዳ ላይ የሚገኝ መልስ ይሻለኛል።

ትንንሾቹ ቦውሎችስ? ዛሬ ቦውሎቹ ትልልቆቹን ጨምሮ 40 ገደማ ናቸው፣ ለመጠራትም በመደበኛው መንገድ ከ12 ጨዋታ 6 ማሸነፍ ይበቃል። ወደ ፕሮፌሽናል የሚሻገሩ ኮከቦች ጉዳት ፈርተው ይቀሩባቸዋል፤ ከ2016 ወዲህ የተለመደ ሆኗል። አያስፈልጉም የሚል ብዙ ሰው አለ፣ እኔ ግን ይቆዩ ባይ ነኝ። ማዮኔዝ አምራች ስፖንሰር የሚያደርገው አንድ ቦውል አለ፤ ያሸነፈው አሰልጣኝ ወንበር ላይ ይቀመጥና አንድ ባልዲ ማዮኔዝ አናቱ ላይ ይደፉበታል። ተጫዋቾቹ ዙሪያውን ከበው እንዴት እንደሚስቁ ብታዩ! ለብዙዎቹ የሕይወታቸው የመጨረሻ ጨዋታ ነው።

እንግዲህ በዲሴምበር መጀመሪያ አንድ እሑድ ኮሚቴው ዝርዝሩን በቴሌቪዥን ያነባል። ካያችሁት ከገቡት 12 ይልቅ ከመስመሩ በታች ለጥቂት የቀረው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ለምን እንደቀረ ለጎናችሁ ሰው ማስረዳት ከቻላችሁ፣ ጠቅላላው ነገር ገብቷችኋል ማለት ነው፤ ካልቻላችሁ ደውሉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።