ከእርሾ የተነሣ ዘርፍ፦ የዮሺኖሪ ኦሱሚ ምርምርና አሻራው

ሕዋስ ያረጁና የተበላሹ ክፍሎቹን ከብቦ ያፈርሳል፤ ከፍርስራሹ ያገኘውንም መልሶ ይሠራበታል። ለዚህ ሂደት እ.ኤ.አ. በ1963 ኦቶፋጂ የሚል ስም ያወጡለት የቤልጂየሙ ተመራማሪ ክሪስቲያን ደ ዱቭ ናቸው። ማፍረሻ ኤንዛይሞችን የያዘውን ላይሶዞምን ቀደም ብለው ያገኙትም እሳቸው ሲሆኑ፣ በ1974 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ይሁን እንጂ ኦቶፋጂ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል በአብዛኛው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከሚታይ ምስል አላለፈም፤ የሚመሩት ጂኖች አይታወቁም ነበር። መንገዱን የከፈቱት ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ናቸው።

ኦሱሚ በ1945 በፉኩኦካ ተወለዱ። በ1974 ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ካገኙ በኋላ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ፣ በጄራልድ ኤደልማን ቤተ ሙከራ ሠሩ። ከእርሾ ጋር የተዋወቁትም እዚያ ነው። በ1977 ወደ ቶኪዮ ተመልሰው በእርሾ ሕዋስ ውስጥ የሚገኘውን ቫኩዮል የተባለ ከረጢት ማጥናት ያዙ። ብዙዎች ቫኩዮልን ከቆሻሻ መጣያ ለይተው አያዩትም ነበር፤ ኦሱሚ ግን ሰው የማይሻማበትን ጥያቄ ይመርጡ ነበር። የራሳቸውን አነስተኛ ቤተ ሙከራ ያገኙት በ1988፣ በ43 ዓመታቸው ነው።

ወሳኙ ሙከራ ብዙም አልዘገየም። በቫኩዮላቸው ውስጥ ማፍረሻ ኤንዛይም የጎደላቸውን እርሾዎች ወስደው ናይትሮጅን ነሷቸው። ኦቶፋጂ በእርሾም ካለ፣ ወደ ቫኩዮል የገባው ሳይፈርስ መከማቸት ነበረበት። በሰዓታት ውስጥ ቫኩዮሉ በክብ ክብ ብናኞች ሲሞላ በተራ ማይክሮስኮፕ ታየ። ውጤቱ በ1992 ታተመ። ቀጥሎ ኦሱሚና ተማሪያቸው ሚኪ ጹካዳ ጂኖቻቸው በኬሚካል ከተዛቡ በሺዎች የሚቆጠሩ እርሾዎች መካከል ረሃብ የማይችሉትን እያጣሩ፣ በ1993 ለኦቶፋጂ የሚያስፈልጉ 15 ጂኖችን ለዩ።

በ1996 ኦሱሚ ኦካዛኪ ወደሚገኘው ብሔራዊ የመሠረታዊ ባዮሎጂ ተቋም ተዛወሩ። ቡድናቸው ጂኖቹ የሚያመነጯቸው ፕሮቲኖች እንዴት እየተያያዙ ከባቢውን ሽፋን እንደሚሠሩ ደረጃ በደረጃ አሳየ። ተመሳሳይ ጂኖች በሰውም ውስጥ በመገኘታቸው ጥናቱ ከእርሾ ወጣ። ከኦካዛኪው ቡድን የወጡት ኖቦሩ ሚዙሺማና ታሞጹ ዮሺሞሪ ኦቶፋጂን በእንስሳት ሕዋስ የሚከታተሉበትን ምልክት አዘጋጁ። በ2004 የሚዙሺማ ቡድን ከጂኖቹ አንዱ የጎደላቸው የአይጥ ግልገሎች በተወለዱ በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚሞቱ አሳየ፤ የእንግዴ ልጁ ምግብ ተቋርጦ ወተት እስኪደርስ ያለውን ጊዜ የሚያሻግራቸው ኦቶፋጂ ነበርና። በ2006 ደግሞ ሂደቱ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ ሲቋረጥ የፕሮቲን ክምችትና የነርቭ መበላሸት እንደሚከተል ተረጋገጠ። በአሜሪካ ተመራማሪዋ ቤት ሌቪን ቀድመው በ1999 ከዘርፉ ጂኖች አንዱን ከዕጢ መገታት ጋር አያይዘው ነበር። ልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች ለአንድ ጂን የተለያየ ስም በመስጠታቸው የተፈጠረውን ውዥንብር ለማጥራት በ2003 የጋራ ስያሜ ላይ ተስማሙ፤ ዘርፉ ምን ያህል እንደሰፋ ከዚህም ይታያል።

ኦሱሚ በ2016 የኖቤል ሽልማትን ብቻቸውን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ሽልማቱ የጾምን ጤናማነት እንዳረጋገጠ አድርገው የሚያወሩ በዝተዋል። እሳቸው የመረመሩት ግን ናይትሮጅን የተነፈገ እርሾን ነው፤ ሰው ስንት ሰዓት ቢጾም እንደሚበጀው አላጠኑም። መድኃኒት ፍለጋውም ቀላል አይደለም። ኦቶፋጂ ጤናማ ሕዋስ ወደ ዕጢ እንዳይለወጥ ያግዛል፤ ዕጢው ከበቀለ በኋላ ግን ምግብ ሲያጥረው ሊያቆየው ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ሂደቱን ከማበረታታቱ ወይም ከመግታቱ በፊት በሽታው የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ መለየት ይኖርበታል። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ዋና ሥራም ይኸው ነው፤ የሚንቀሳቀሱትም የእርሾ ጥናት ባስለየው የጂን ዝርዝር ላይ ተመሥርተው ነው።