ሁለቱ የሳንባ ነቀርሳዎች

በአማርኛችን «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢውንም ካንሰሩንም በአንድ ስም እንጠራለን። የስሙ መደባለቅስ ባልከፋ፤ የሚከፋው ሕመሞቹ ራሳቸው መመሳሰላቸው ነው። ሳል፥ ደም መትፋት፥ ክሳት፥ የደረት ውጋት በሁለቱም አለ። ስለዚህ ከጢቾ ደጋ ተነሥቶ አሰላ ሆስፒታል የሚደርስ ሳለኛ አስቀድሞ በቲቢ ቢጠረጠር ትክክል ነው፤ አገሩ ቲቢ የበዛበት ነውና። ነገር ግን በአክታው ተሐዋሲው ሳይገኝ፥ መድኃኒቱንም ወስዶ ሳይሻለው ሲቀር፥ ሌላውን ነቀርሳ ማሰብ ይገባል። ቁርጡ የሚታወቀው ከዕባጩ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፥ ብዙ ያጨሱ ሰዎችን በዝቅተኛ ጨረር ሲቲ ስካን በየዓመቱ መመርመር በራጅ ከመመርመር ይልቅ በዚህ ካንሰር የሚሞቱትን በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ሚዛኑ የተሠራው በሲጋራ ነው። በደጋው ብርድ ከምድጃ ጢስ ጋር ዕድሜያቸውን የፈጁ እናት በዚያ ሚዛን አይገቡም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግን የቤት ውስጥ የእንጨት ጢስን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ሐኪሞቻችን «ሲጋራ ያጨሳሉ ወይ?» ብለው ብቻ ባያበቁ እንወዳለን።

በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላም የሚደረግ አለ፤ በሐኪም ልክ የሚሰጥ ጥቂት ሞርፊን የትንፋሽ እጥረትን ጭንቀት ያቀልላል፥ ወደ ፊት የሚነፍስ ማራገቢያም እንኳ ይረዳል።