ከአበባ ቅርጽ ወደ ዘረመል፦ የስምጥ ሸለቆ ዕፅዋት ዝምድና በ30 ዓመታት

ከአዳማ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ባቱ የሚጓዝ ሰው ግራር፣ ማሽላና ፓፓያ ሳያይ አያልፍም። የእነዚህን ዕፅዋት ዝምድና በተመለከተ ሳይንስ የሚሰጠው መልስ ባለፉት 30 ዓመታት በእጅጉ ተለውጧል። ለውጡ ለገበሬውም ለመምህሩም ይጠቅማል። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ ዕፅዋት የሚመደቡት በአበባቸው፣ በፍሬያቸውና በቅጠላቸው ቅርጽ ነበር። በአገራችንም በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት ጥናት የተመሠረተው በዚሁ ዘዴ ላይ ነው። ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ሌሎች የደከሙበት ይህ ሥራ በ2009 ሲጠናቀቅ 6,000 ያህል ዝርያዎችን መዝግቧል።

በዓለም ደረጃ መንገዱ የተቀየረው በ1993 ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ማርክ ቼዝና ባልደረቦቹ ወደ 500 የሚጠጉ ዕፅዋትን በአንድ የክሎሮፕላስት ዘረመል አነጻጸሩ። በ1998 ደግሞ የአበባ ዕፅዋት አስተኔዎች በዘረመል መረጃ እንደገና ተደለደሉ። በቀደሙት ምደባዎች ከፓሽን ፍሩት ጎን ይቀመጥ የነበረው ፓፓያ ከጎመን፣ ከፌጦና ከሽፈራው ጋር በአንድ ክፍለ መደብ ገባ። ማመን ያቃተው የፓፓያ ፍሬ ቆርጦ ጥቁሯን ዘር ያኝካት፤ እንደ ፌጦ አፍንጫ ድረስ ትሰነፍጣለች። የሚሰነፍጠው ኬሚካል ከአንድ ወገን ነው፤ ዘረመሉም ይህንኑ አረጋገጠ።

በ2000ዎቹ መግቢያ ተራው የአቀንጭራ ሆነ። የማሽላ ጠላት የሆነው ይህ አረም ቲማቲምና ባቄላን ከሚያጠቃው ኦሮባንኪ ጋር በተለያየ አስተኔ ተመድቦ ቆይቶ ነበር። ዲኤንኤው አንድ ላይ አስቀመጣቸው። የሁለቱም ዘር የሚበቅለው ከአስተናጋጁ ተክል ሥር የሚወጣው ኬሚካል ሲቀሰቅሰው ነው። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያወጡት ይህን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚለቁ ዝርያዎችን በመምረጥ ጭምር ነው። የዘመዳሞች ጠባይ ሲታወቅ በአንዱ ላይ የተገኘ መላ ለሌላው ፍንጭ ይሰጣል።

ብዙ ያከራከረው ግን የግራር ጉዳይ ነው። በአንድ ወገን ሥር የነበሩት ግራሮች ከአንድ ግንድ እንዳልወጡ ዘረመሉ አሳየ። በ2005 በቪየና፣ በ2011 ደግሞ በሜልቦርን የተካሄዱት ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤዎች “አካሺያ” የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ለአውስትራሊያዎቹ ዝርያዎች ሰጡ። የአፍሪካ ግራሮች በአብዛኛው “ቫቼሊያ” እና “ሴኔጋሊያ” ተባሉ። ልዩነቱ በዓይንም ይታያል፤ ቫቼሊያ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለ ጥንድ እሾህ ሲኖረው የሴኔጋሊያ ግን የተቆለመመ ነው። ሙጫ በብዛት የሚለቀምበት ዛፍ ከሴኔጋሊያ ወገን ሲሆን፣ ከቫቼሊያ ይልቅ ለአውስትራሊያዎቹ ይቀርባል። በአዊ ዞን ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍም ከአውስትራሊያ የመጣ በመሆኑ ዛሬም አካሺያ ነው።

በ2016 የወጣው የ1998ቱ ድልድል አራተኛ እትም 416 አስተኔዎችን አጸደቀ። በ2024 ደግሞ በኪው የዕፅዋት ማዕከል የተመራ ቡድን ከ9,500 በላይ ዝርያዎችን በ353 ዘረመሎች አነጻጽሮ ውጤቱን አሳተመ። ዲኤንኤው ከእርጥብ ቅጠል ብቻ የተወሰደ አይደለም፤ እስከ 200 ዓመት የቆዩ ደረቅ ናሙናዎችም ለዚሁ ውለዋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሀርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) የተቀመጠ እያንዳንዱ ቅጠል የነገ ምርምር ሀብት ነው።

የዕፅዋትን ዝምድና መርምሮ የማወቅ ዕድል የሚኖረው ዕፅዋቱ እስካሉ ድረስ ነው። በአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራሩ ለከሰል እየተቆረጠ ነው። የስምጥ ሸለቆ ዩኒቨርሲቲዎችና የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከሀርባሪየሙ ጋር ተባብረው ናሙና ይሰብስቡ፤ ትምህርት ቤቶችም አዲሱን ምደባ ያስተምሩ። ከሁሉ በፊት ግን ግራሩ ይጠበቅ።