የታፔላ ጻፊው እጅ

ጎማ የሚጠግን ሰው ታፔላ ማሠራት አያስፈልገውም። ያረጀ ጎማ ከበሩ ፊት ያቆማል ወይም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ በጎማው ላይ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ይጻፍበታል፤ በቃ። ከሆለታ ተነስቶ በጊንጪና በአምቦ አድርጎ እስከ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ ይህን ጽሑፍ የማያውቅ ሾፌር የለም። ፊደላቱ የጎማውን ክብ ተከትለው ጎንበስ ቀና ሲሉ ቆም ብሎ ላያቸው ግን የጻፋቸው እጅ የሠለጠነ እንደሆነ ይገባዋል።

የዚህ እጅ ባለቤት ታፔላ ጻፊ ነው። ከሙያው ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያን የመጡ ናቸው፦ ታፔላ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ አኳራጅ። ፊደሉ ግን ከብራና የመጣ ነው። ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ ዝገት መከላከያ ይቀባል፤ ከዚያ መደቡ ይለቀለቃል። ሲደርቅ በጠመኔ የታሸ ክር ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ይለቀቅና መስመሩ ይወጣል። ፊደሉ በእርሳስ ተነድፎ ነው ብሩሽ የሚነሳው። ቅባት ቀለም ከቀጠነ ይወርዳል፤ ከወፈረ ብሩሹን ይይዛል፤ በአኳራጅ ልኩን ማግኘት የሙያው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ቆጠራ ነው። «ጠ» እና «ሐ» ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፤ «ነ» እና «ገ» በጠባብ ይበቃቸዋል። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ጻፊ የመጨረሻዎቹን ፊደላት ጠርዝ ላይ አጨናንቆ ይጨርሳል። የቁም ጽሕፈትን ወግ የሚያውቅ ደግሞ፣ ቁም ጸሐፊ በመቃ ብዕር እንደሚያደርገው፣ ቋሚውን ያወፍራል፤ አግዳሚውን ያቀጥናል። በመጨረሻ ለያንዳንዱ ፊደል በአንድ ጎኑ በሌላ ቀለም ጥላ ያወጣለታል፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ ከላሜራው ተነስቶ የቆመ ይመስላል።

በምዕራብ ሸዋ ይህ ቆጠራ ይበልጥ ይከብዳል፤ እኔን ከሁሉም የሚገርመኝም እሱ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር በዘመቻው አፋን ኦሮሞ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. የላቲኑ ፊደል ቁቤ ተመረጠ፤ ታፔላ ጻፊውም ሥራው ላይ እንዳለ ሌላ ፊደል ለመደ። ቁቤ ረዥሙን አናባቢና የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለቴ ስለሚጽፍ ቃሉ ይረዝማል። «ምግብ ቤት» 5 ፊደል ነው፤ «መነ ኛታ» በቁቤ ሲጻፍ 11 ይሆናል። በዚያ ላይ የግዕዙ ቁመት ተቀራራቢ ሲሆን የላቲኑ ግን ከመስመር በላይ የሚመዘዝም በታች የሚንጠለጠልም አለው። አንዳንዱ ደንበኛ እንግሊዝኛም ይጨመርልኝ ይላል። አንድ ሜትር በማትሞላ ላሜራ ላይ ሦስቱን ቋንቋዎች አስማምቶ ለጀበና ሥዕል የሚሆን ቦታ ማትረፍ የሰዓሊ ዓይን ይጠይቃል፤ ይህን ሰው ሰዓሊ ለማለት የማመነታበት ምክንያት አይታየኝም።

ሥዕሉ ለማያነበውም ይናገራል። ልብስ ሰፊው ዘንድ መኪናውና ኮቱ፣ ሥጋ ቤት በር ላይ በሬው፣ ጠጅ ቤት ብርሌው። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ የአፍሪካ ካርታና የሰው አንጀት ጎን ለጎን ይሣላሉ፤ መጽሐፍ ላልደረሰው ልጅ ግድግዳው መጽሐፉ ነው። በፀጉር ቤት ታፔላ ላይ ትልልቅ ዓይኖቹን ከፍቶ ፊት ለፊት የሚያየውን ወጣት ሳይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትዝ ይለኛል፤ እዚያ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ በጎን በአንድ ዓይኑ ይሣላልና። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ለቤተ መንግሥት አስጀምረው ኋላ ቤተ ክርስቲያን ያደረጓት የአዲስ ዓለም ማርያም በዚሁ መንገድ ላይ ናት።

ሌላው አፍሪካ ይህን እጅ አክብሮታል። የኮንጎው ሼሪ ሳምባ ኪንሻሳ ውስጥ ታፔላ በመጻፍ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የራሱን የሥዕል ቤት ከፈተ፤ በ1989 ሥዕሎቹ ፓሪስ በፖምፒዱ ማዕከል ለእይታ በቁ። በጋና ቪዲዮ ቤቶች በዱቄት ከረጢት ላይ ያሣሏቸው የነበሩ የፊልም ማስታወቂያዎች ዛሬ በሥዕል ሰብሳቢዎች ይፈለጋሉ። የእኛዎቹ የሚታወቁት፣ ከታወቁ፣ ታፔላው ጥግ ላይ «እከሌ አርት» ብለው ባስቀሯት ትንሽ ፊርማ ነው። ያቺን ጥግ የሚያነብ ሰው ቢበዛ እወዳለሁ።

አሁን ሥራውን ባነር ወስዶታል። ኮምፒውተር ያቀናጀዋል፣ ማሽን ያትመዋል፣ በዕለቱ ይሰቀላል፤ ነጋዴው ፈጣኑን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ባነር ፀሐይ ያነጣዋል፤ ንፋስ ይቀድደዋል። ብዙ ጊዜ የሚወጠረውም አሮጌው ታፔላ ላይ ነው። ክረምቱ አልፎ ጥጉ ሲገነጠል ከሥሩ የቀድሞው «ሥጋ ቤት» ቀይ «ሥ» ብቅ ትላለች፤ ከነጥላዋ።